የማያስለቅስ ጭስ

ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ከጮቄ የወረደ ብርድ
ማርቆስን እስከ ጉልበቷ ሲያንቀጠቅጣት፣
አቶ ይበልጣል ላኩብኝ፣ ባለ ኑግ መጭመቂያው፣
"መሰላል ይዘህ ና፣ አንማው፤ መቀስህንም አትርሳት።"

አዲስ ቤት ነው። መስታወቱ ድርብ፣
በሩ ጎማ የለበሰ፣ ነፋስ የማያቀርብ፣
ጣሪያው በአረፋ የተደፈነ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ፤
ሰማያዊ እሳት ሣጥን ገብቶ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣
እንጨት የማይጠይቅ፣ አመድ የማያውቅ፣
በቁልፍ የሚነሣ፣ በጣት የሚታነቅ።
ሲሊንደሩ ከውጭ፣ አጥሩ ጥግ ቆሟል።
"ጭሱስ?" አልኩ። "ጭሱስ በየት በኩል ይወጣል?"

ሳቁብኝ። "ጭስ? የታል? እስኪ አሳየኝ!
ነጩን ኮርኒስ እየው፤ አንዲት ጥቀርሻ አግኝልኝ።
ግድግዳዬን አትንካ፣ ጣሪያዬም አያፍስ፤
ቧንቧውን ኮርኒስ ሆድ ውስጥ ተወው፣ እዚያው ይተንፍስ።"

መሰላሌን አልዘረጋሁም።

የእናቴ ቤት ሣር ነበር፣ ቢቸና፣ ከዳገት ሥር፣
ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ እያዘገመ የሚያድር።
ዓይናችን ይቀላል፣ እናስላለን፣ እናለቅሳለን፤
ያ እንባ ግን ደወል ነበር፤ በር እንከፍታለን።
ይኼኛው ጨዋ ነው፤ ጉሮሮ አይከረክር፣
መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ "መጣሁ" ብሎ አይናገር፤
ባለቤቱን ሳያስለቅስ፣ እንቅልፍ አልብሶ፣
ጎረቤት ነው የሚያስለቅስ፣ በማግስቱ በር አፍርሶ።

ይህን ስላቸው "ተረት ነው" አሉ።
እንግዲያው ተረቱን ልጨርስ ብዬ
ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይታይሽ የሒሳብ መምህር ነበረች፣
"ከጣሪያውና ከግድግዳው መሀል ይነፍስብኛል" አለች።
በሁለት ክንድ ቆርቆሮ፣ በዐሥራ ሁለት ምስማር
ደፈንኩላት። ሃያ ብር ሰጠችኝ። "እግዜር ያክብር።"
እጇ በጠመኔ ነጭ ነበር።
ማታ ከሰል አስገባች፣ የእንጅባራ፣ ፍም ያለ ቀይ፣
"ጭስ የለውም" ብለው የሸጡላት፣ ከገበያው ላይ።
ጠዋት ተማሪዎቿ ደጅ ቆሙ፣ ደብተር ታቅፈው።
በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያው ቀዳዳ የደፈነው ሰው።
የደላት እንቅልፋም ትመስል ነበር።

አቶ ይበልጣል ዝም አሉ፤ እሳቱ ብቻ ይንሾካሾካል።
ወይዘሮ ጠጂቱ፣ ከኋላ ልጅ አዝለው የሰሙት፣
"ይበሳ!" አሉ። "ቤቱ የኔም ነው፣ ይበሳ!
ቢያፈስ በባልዲ እንቀበላለን፤ ምን አለበት?"

ወጣሁ። በሳሁ። ቧንቧውን ከጣሪያው ጫፍ አሻግሬ
አንድ ክንድ ተኩል አቆምኩት፣ ከመስኮት አርቄ፣ በሽቦ አስሬ።
ለዝናብ ባርኔጣ ደፋሁለት፣ ለወፍ ወንፊት ጋረድኩ፤
መጋጠሚያውን በጣቴ እየዳሰስኩ አጠበቅኩ።
ከታችም ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብዬ
ለሚገባው አየር ሌላ ቀዳዳ ተውኩ፤
እሳትም እንደ እኛው ነው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው የሚከፋው።

ስወርድ እንዲህ አልኳቸው፦ ሰማያዊው ቢጫ ከሆነ፣
መስታወቱ ጥላሸት ካበጀ፣ ራሳችሁ ከከበደ፣
ምክንያት አትፈልጉ። ዝጉት። በሩን በርግዱት። ውጡ።
ክረምት ሲወጣ ደግሞ ጥሩኝ፤ ወፍ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ አያለሁ።
ተኝታችሁ አታንድዱት።

ሒሳብ ሲሉኝ "ሃያ ብር" አልኩ። ተገረሙ፤
በሃያ ብር ዛሬ ምስማር እንኳ አይገዛም።
የማን ሃያ ብር እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ከሱቅ ስመለስ፣
መንገድ አጣምሜ በዚያ በኩል አልፋለሁ።
አንገቴን አቅንቼ፣ ከባርኔጣው ሥር
ቀጭን እንፋሎት ስትንቀጠቀጥ ካየሁ
"ዛሬም ያድራሉ" እላለሁ።

የይታይሽን ክፍል ሌላ ሰው ተከራይቷታል።
ቆርቆሮውን ነቅዬዋለሁ። ነፋሱ ይገባል።
ይግባ።