ገማች

የጓንጉል ተዝካር በወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣
«ና ገምትልን» ብላ ላከች ሚስቱ፣ ከብዷት የሰው ዕዳ።
ከአውቶ ፓርኮ ጀርባ ነው፤ የላሜራ በር፣ ዝገቱ
እጅ ላይ የሚቀር፤
ስገባ ሸተተኝ ኮቱ፣
የተቃጠለ ዘይት፣ ትምባሆ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ
«የአበጀ ዘንግ፣ ለማክሰኞ» ይላል፤
አንብቤ ዝም አልኩ እኔ።

ሥራዬ ይሄው ነው። በሬ ገዢ ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳብሳል፤
እኔም ጥርስ ነው የማየው፣ የማርሽ፤
የት እንደ ተሸረፈ፣ ማን በብየዳ እንደ ሞላው
ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ይደርሳል።

ትራፓኖው፦ ቺንጊያው የላላ፣ ሞተሩ ሁለቴ የተጠቀለለ፤
ሃያ ስምንት ሺህ። ከዚያ በላይ የጠራ፣ ሰው አታለለ።
ሞርሳው፦ አፉ ሳይዛነፍ ሠላሳ ዓመት የነከሰ፤
ዘጠኝ ሺህ። (እጄ ኪሴን ዳበሰ።)
መጋዙ በኪሎ ነው፣ ለቁራሌው፤ አልዋሽም።
ቶርኖው ግን ቶርኖ ነው፤
ጣልያን ይሁን ቡልጋር፣ ታርጋው ተፍቆ አይነበብም።

የጓንጉልን አያት፣ ወናፍ ሲነፋ፣ «ቡዳ» እያለ አገር ሸሸ፤
ማረሻውን ግን ማን መለሰ? በጤፍ ገዝቶ፣ በሌሊት፣
እያማተበ፣ እየመሸ።
እሱንም የገመተው ነበረ ማለት ነው፤
ያኔም የእጁ ዋጋ ሳይሆን፣ የብረቱ ነው የሚታየው።

ገዢው ዳኘው ከደባርቅ ነው፤ ኮቱ አዲስ፣ ጫማው አቧራ፤
እየዞረ ቶርኖውን አንኳኳው፣ እንደ ጋን፣ እንደ እንስራ።
«ኪሎው ስንት ይሆናል?» አለ። ያን ጊዜ ባንቺአምላክ፣ ልጁ፣
ከጥግ ተነሣች፤ ቱታው የአባቷ ነው፣ ሦስቴ የታጠፈ እጁ።
«በኪሎ የሚሸጠው ሥጋ ነው» ብላ ማብሪያውን ጫነች፤
መንጋጋው የያዘው ዘንግ ዞረ፣ ቢላውን አስጠግታ ዝም አለች።
ፍቅፋቂው ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደ ተፈታ ሹሩባ
ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ጫማዋ ሥር ሲገባ፣

መብራት ሄደ።

ጎንደር ነው፤ ማን ይደነግጣል? የጎረቤት ወፍጮ ዝም አለ፤
ዳኘው ስልኩን አበራ። ቶርኖው ግን ገና በራሱ እየተንከባለለ።
እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ። ሞተር ሲጮህ ማን ሊሰማው?
የማሽን ጉሮሮ የሚሰማ፣ ጉልበቱ ሲለየው።
እስኪቆም አሥራ ሁለት ቆጠርኩ፤ ዘጠነኛው ላይ አቃሰተ፣
ቀጭን፤ ኩሽኔታው፣ ከኋላ በኩል፣ ውስጥ ለውስጥ የታከተ።

ዳኘው አልሰማም። እኔ ሰማሁ። እና ምን ልበል?
የመጣሁት ለሟች ወዳጄ፤ ከልጆቹ ጉሮሮ መጉደል
ለእኔም ቀላል አይደል፤
ያም ደግሞ የተበደረ ሰው ይሆናል።
ምላሴ እንደ ብረት ከብዶ ሳለ፣ ጨለማው ውስጥ፦ «ኩሽኔታው ያልቃል፤
ክረምቱን አይዘልቅም» አለች። «ወደ ግራ ሲቆርጥም
በፀጉር ያህል ያሰፋል፤
ስንት እንደሚቀነስ አባዬ ጽፎታል፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

እናቷ «ዉይ» አለች፣ በቀስታ፣ ወተት እንደ ገነፈለባት።
ዳኘው ጠመኔ ለመነኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠባት፣
ያቺ እኔ የጠራኋት ቁጥር፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ፤
ከሥሯ አሥራ ሁለት ቀነሰ፣ ለኩሽኔታው፤ ሌላ የለም፣ ይኸው ይህ።
ልከራከር ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ።
ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረና ቁጥሮቹን ቆጠረ፤
«ግድግዳውስ ስንት ነው?» አለ። አልሳቀም።
እሷም አልሳቀችም፦
«ግድግዳው የቀበሌ ነው፤ አይሸጥም።»

ከዚያ ደብተር አመጣች። መብራት ሲመጣ፣ ወፍጮው ሲያጓራ፣
እየገለበጠች ነበር፣ መስመር በመስመር፣ በተራ፤
«የአበጀ ዘንግ» የሚለውን ብቻ ዘለለች። ዳኘው ሊጭን ሲነሣ፣
መኪና ሊጠራ ሲል፣ መንጋጋው ላይ ያለውን በጣቷ እያሳየች፦
«ማክሰኞ ና፤ እስከዚያ የሰው ሥራ ይዟል» አለች።