ጫፉን ያዝልኝ

ለማስተርጎም ነበር፣ ለአምስት ቀን፣ በአበል፣
ባሕር ዳር የገባሁት፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል።
ደረቴ ላይ ባጁ ስሜን አሳስቶታል፤
ደስዬ የምባለው «ደሴ» ተብሎ ታትሟል።
ከኪሱሙ ኦቲዬኖ፣ ከትብሊሲ ኒኖ፣
ከዳንግላ ትርንጎ፣ ወንበሩ ክብ ሆኖ፤
አሠልጣኟ ማሪት፣ ከሩቅ ሰሜን ባሕር፣
በሰማያዊ ማርከር ጻፈች አንድ ነገር።
«ከማኅበረሰቡ ጋር...» ብዬ ጀመርኩና
የቀረው ቃል ጠፋኝ፣ ከመጀመሬ ገና።

«ተሳትፎ» አልኩኝ። ትርንጎ ሳቀች፣
«እሱንማ ቀበሌም ይለናል» እያለች፤
«መዝገብ ላይ ትፈርማለህ፣ የታሸገ ውሃ ይሰጥሃል፣
አጨብጭበህ ስትወጣ ተሳትፈሃል።»
«ቅስቀሳ» ልል ስል የጡሩምባ መኪና መጣብኝ፤
«መጠመድ» ብል ደግሞ ቀንበሩ ከበደኝ።
መዝገበ ቃላቱም «መተጫጨት» ቢለኝ
ኒኖ ቀለበቷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለተግባር ልምምድ፣
ባጃጅ ተሳፍረን፣ በኮብልስቶን መንገድ፣
ታንኳ ወደሚያስሩት መንደር ወረድን፣
የካርታ ወረቀት፣ መጠይቅ ይዘን።
ሃያ አራት ጥያቄ። የመጀመሪያው ረድፍ፦
«ምን ይጎድላችኋል?» (በሁለት መስመር ይጻፍ።)

ጋሽ እንድሪስ ደንገል ዘርግቶ ከመሬት
ያስር ነበር፣ ተረከዙን ተክሎበት።
ቀና ብሎ ባጃችንን ቆጠረ፤ አሥራ አንድ።
«አምናም መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል፤
መልሴን የወሰደው መቼ ይመልሰዋል?»

ተረጎምኩት።
ማሪት ጻፈችው፣ ከሥሩም አሰመረች፤
ጥያቄ ሁለት ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።
ኦቲዬኖ የለም። ውሃው ጠርዝ ላይ ነው።
አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ወይን ጠጅ አበባ፤
እምቦጩን መዘዘው፣ ጭቃው ውስጥ እየገባ።
«የኛም ሐይቅ ላይ አለ። የአባቴን ጀልባ
ሦስት ወር አግቶታል» ሲል፣ እኔም ስተረጉም፣
(መጠይቁ ላይ ይሄ አልነበረም የትም)
ጋሽ እንድሪስ ዞረ።
«አሣውስ?»
«ሸሸ።»
«የኛም።»

ከዚያ ዝም ተባለ። ዝምታውን አልተረጎምኩም።

«ና እስቲ» አለው ኋላ፣ ልጡን እየፈተለ፣
«ጫፉን ያዝልኝ» አለ።
አፌን ሳልከፍት በፊት ኦቲዬኖ ይዞ ነበር፤
መያዙም አልበቃው፣ ጎተተው በሙሉ ጡንቻው፣ ሊተባበር።
ደንገሉ ቀጭ አለ።
«ኧረ ተው! ያዝ አልኩህ እንጂ መች ሳብ አልኩህ?
እኔ ስስብ ትይዛለህ፣ እኔ ስይዝ ትስባለህ።»

ይህን ስተረጉም የማሪት እስክሪብቶ ቆመ።
ትንሽ ቆይታ መጠይቁን ጉልበቷ ሥር አድርጋ
ተንበረከከች፣ ከሌላኛው ጫፍ ተጠግታ።
እስከ አሥር ሰዓት ስንይዝና ስንስብ፣ ስንለቅም ስንሰደብ፣
የትርንጎ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ሲረጥብ፣
የካርታው ወረቀት ማንም ሳይነካው ዋለ።
የጋሽ እንድሪስ የልጅ ልጅ፣ ዘምዘም፣
በደረቷ ተኝታ ማርከሩን ከፈተች፤
አንድ ቦኖ፣ ሰባት ጀሪካን ሣለች፤
ከላዩም «ረቡዕ ብቻ» ብላ ጻፈች።
ከሐይቁ ሃያ እርምጃ ላይ።

በአምስተኛው ቀን ሰርተፍኬት፣ ፎቶ፣ ማቀፍ፤
የኔው «ደሴ» ይላል። ይሁን፣ ይለፍ።
ቃሉን አሁንም አላገኘሁትም።
መዳፌ ላይ ግን ልጡ የላጠው አለ፤
የሆቴሉ ሳሙና ሲነካው እየቆጠቆጠ
ስለዚያ ቀን ያወራኛል፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።

«ውጤት» በሚለው ሣጥን ትርንጎ እንዲህ ጻፈች፦
«ግማሽ ታንኳ። አንድ ቦኖ።»
«ሌላስ?» አለች ማሪት።
«ሌላማ ገና ነው።»

ማታ አውቶቡስ ተራ አብሬያት ሄጄ ነበር።
የዳንግላ ትኬቷን ወደ ሐሙስ አዛወረች።
ረቡዕ ከነጀሪካኗ ልትሰለፍ።