ቀይ እስፒል

መዝገብ ጸሐፊ ነኝ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሽምብጥ ካለው ጣቢያ፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ቤት፣
«ተከሳሽ»፣ «ተበዳይ»፣ «በስለት»፣ «በሌሊት»
እያልሁ፣ የሰው ደም በሰማያዊ ቀለም ስከትብ የኖርሁት።

ስልኩ ይጮኻል፤ መኪናው ይነሣል፣
ቤንዚን ካለው ማለቴ ነው፤
ስንደርስ አስፋልቱ ታጥቦ፣ ሰዉ እንደ ጉም በኗል።
እጽፋለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ሌላው ይከፈታል።

ኋላ ባንቻምላክ መጣች፣ ወንጀል የተማረች፤
«ሳይማር የሚችለው ሞልቶ!» ብንላት፣ አብራን ሳቀች።
መኪና አልጠየቀች፣ ሽጉጥ አልጠየቀች፣
የሦስት ዓመት መዝገቤን ታቅፋ ገባች፣
ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ እስፒል በሳጥን ገዝታ
ከተማውን
መውጋት ጀመረች።

አንድ መዝገብ፣ አንድ እስፒል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ነጥብ፤
እኔስ የመሰለኝ እንደ ክረምት ዝናብ
በሁሉ ደጃፍ ላይ እኩል የሚዘንብ።
አልነበረም። ቀዩ ካንድ ጥግ ተቃቀፈ፤
ከገበያው ጓሮ፣ አምፖሉ ከሞተ ክረምት ካሳለፈ
ምሰሶ ሥር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣
አረቄ ቤት ሁሉ ሰዉን ሲተፋ ባንድ ቅጽበት።
ደግሞ ጣቷን ከስም ወደ ስም አሻግራ፦
«አየህ፣ ጋሽ አሞኘ፣ የግንቦቱ ተበዳይ
የሰኔው ተከሳሽ ነው፤ ሁለቱንም ያንተ እጅ ጽፎታል፣ ሳታይ።»

አላየሁም።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጣናን በሙሉ
መረብ አያለብስም፤ ነፋስና ደንገሉ
ይነግሩታል የቀረሶን መዋያ ማደሪያ ሁሉ።
ሰው ግን ዓሣ አይደለም፤ እኛ ቀድመን የምንደርሰው
ለመያዝ አይደለም፤ ሳይያዝ፣ ሰው እንደ ሰው
ቤቱ እንዲገባ ነው።»

ለመብራት ኃይል አራት ደብዳቤ ጻፍን፤
አምስተኛውን ራሷ ይዛ ሄዳ ደጃቸው ተቀመጠች።
አምፖሉ በራ።

በጥቅምት ሽባባው ተወጋ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ልጅ።
ቀድሞ ቢሆን ሁላችን ወጊውን ፍለጋ ነበር የምንፈጅ
ሌሊቱን። እሷ ግን እኩሌታችንን ልካ፣
ሆስፒታል ኮሪደር ገብታ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠች፣ ከምንይችል።
እጁ ከጋቢው ውስጥ ነበር።
ምን እንደያዘ አልጠየቀችም። «እራት በላህ?» አለችው።
የሽባባው ሕፃን ስም ወጥቶላት እንደሆን ጠየቀች።
ዝም አለ። ዝም አለች። ሐኪሙ ወጣ፣ ገባ።
ወፍ ሲንጫጫ፣ ያስጠራቻቸው ሽማግሌዎች ከደጅ ሲያስሉ፣
እጁን አወጣና አግዳሚው ላይ አኖረው፦
የዳቦ ቢላ፣ አዲስ፣
የዋጋው ወረቀት ያልተላጠለት።

ሁሉም እንዲህ አላለቀ። በታኅሣሥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ዘንዘልማ፣ ከገዛ ቤቷ፣ በገዛ ባሏ፣
አንዲት ሴት። ምሰሶ የለ፣ አረቄ ቤት የለ፤
ሦስት ጊዜ ግን ጣቢያ መጥታ «ታረቂ» ተብላ ተመልሳለች፤
ሦስቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።
ባንቻምላክ እስፒሏን ይዛ ካርታው ፊት ቆመች፤
እስኪመሽ አልወጋችም።

አሁን መዝገቤ ላይ አንድ አምድ አለ፣ በማስመሪያ የሳብሁት፣
ማንም ያላዘዘኝ፣ ማኅተም የሌለው፦
«ከዚህ በፊት መጥታለች? ወንድም አለው?
አሁን የት ነው ያለው?»