አጎጠጎጠች

በአሥራ ሁለት ቀኗ አጎጠጎጠች።
ዙበይዳ ጨርቁን ገልጣ አሳየችን፦
ሁለት የሽንብራ ፍሬ፣ ከቆዳ ሥር የተኛ፣
የግራው ከቀኙ ተለቅ ያለ።
ሳቅን።
ስድስት ነበርን፣ ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል በመጋረጃ የተካፈልን።
«ምን አስቸኮላት?» አለች አንዷ፣
«እትብቷ ሳይደርቅ ለወግ ለማዕረግ በቃች!»

ጫፉ ላይ ነጭ ጠብታ ነበረች።
ወተት። ከናቷ ደም የተሻገረ ስንቅ፣
መጥቶ የሚሄድ፣ ማንንም የማያስጨንቅ፤
ይህን ግን ያኔ አላውቅም።
የማውቀው የአክስቴን ቃል ነው፦
«እንዲህ ያለውን ማለብ ነው፤
ካልታለበ ይመርራል፣
ውሎ አድሮ ደም ያበላሻል።»
አክስቴ የስንቱን ልጅ አልባለች፤ ስንቱ እንደ ዳነ እንጃ፣
የሞተ አይጠየቅም፤ የዳነው ነው ማስረጃ።

እጄን ታጠብኩ። እምላለሁ፣ ታጥቤ ነበር፣
የማዳምን ሳህን በማጥብበት ሳሙና።
በሁለት ጣቴ ያዝኩና
ጨመቅኩት።
ልጅቷ ጮኸች። ዙበይዳ ፊቷን አዞረች።
«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አልኩ፤
ልጅቷን ይሁን እናቷን፣ ዛሬም አልለየሁም።

በሦስተኛው ሌሊት የግራው ቀላ፣
ቆዳው ተወጥሮ አበራ።
ኤሲው ይነፍሳል፤ እሷ እሳት ናት።
ጡት ሲሰጧት ፊቷን ትመልሳለች።
አንዷ ቅቤ አለች፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣
አንዷ ከመጋረጃዋ ኋላ ጸሎት።
ሐኪም ቤት ያለ የለም።
ሐኪም ቤት ማለት መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ኋላ ሴት፣
መጀመሪያ «ባጣቃ»፣ ቀጥሎ «የጋብቻ ወረቀት»።
ዙበይዳ ከከፊሏ ቤት የወጣችው በማታ ነው፣
ፓስፖርቷን መሳቢያ ውስጥ ትታ፣ ሆዷን በአባያ ሸፍና።
ስለ አባትየው ጠይቀን አናውቅም።

«የነካኋት እኔ ነኝ» አልኩ፣ «እኔ ላድርሳት።»
ኢቃማ ያለኝ እኔ ብቻ፣ እሱም አሥራ ዘጠኝ ቀን የቀረው።
ዙበይዳ አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ጫማ አጠለቀች፣
አንዱ የኔ፣ አንዱ የሌላ።
ታክሲ ነጂው የፔሻዋር ሰው ነበር።
ቀይ መብራት ላይ ዞሮ አያት፤
የሚቀጥለውን ቀይ አላከበረም።

ሐኪሙ ሱዳናዊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ።
«ማን ጨመቀው?» አለ፣ ከወረቀት በፊት።
እጄን አወጣሁ፣ እንደ ተማሪ።
አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ወንዱም ሴቷም ሲወለዱ ያብጣል፤
በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሟሽሻል።
መድኃኒቱ አለመንካት ነው።
አሁን ግን ተነክቷል።»

በክር በምታህል ሥር መርፌ ገባ፣
አንቲባዮቲኩ ጠብ፣ ጠብ፣ ሌሊቱን ሁሉ።
በማግስቱ መግሉ ተጠራቀመ።
ምላጭ የሚያነሣ መሰለኝ፤ ቀጭን መርፌ አነሣ።
«ሴት ናት» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣
«ነገ የምታጠባው ከዚህች ፍሬ ሥር ተኝቷል፤
እጄ ከሳተ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ይራባል።»
የወጣው የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።
ያቺን የምታህል ነገር ናት ልትገድላት የነበረች።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት።
በስድስተኛው የመስኮቷ ሴት መጣች፣
ከኋላዋ ሁለት ሰዎች። ቀሪውን አልናገርም።
እናትና ልጅ በአንድ አውሮፕላን ሄዱ፤
ጫማዬም አብሮ።
የቀኙን ማንም አልነካውም ነበር፤
በወሩ ጠፋ አሉኝ፣ እንዳመጣጡ፣ ያለ ድምፅ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።
ትናንት ከከሚሴ ስልክ፤ ዙበይዳ ናት፣
ሰላምታም ሳትጨርስ፦
«አጎጠጎጠችልሽ!»
ሳህኑ እጄ ላይ፣ ውኃው እየፈሰሰ፣
«ሁለቱም?» አልኳት።
ዝም አለች።
«የግራው ትንሽ ዘገየ» አለች፣
«አልነካነውም። እየጠበቅን ነው።»