መጥሪያ

ሊዬዥ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ችሎት ቁጥር ሦስት፤
ከደጅ በረዶ ነው፣ ከውስጥ የሰው ሙቀት።
የእኔ ጉዳይ ገና አራተኛ ነበር፤
አስተርጓሚ ነኝ፣ አፉን አከራይቶ የሚኖር፣
ተራዬን ስጠብቅ ከኋላው ወንበር።

ጡረተኞች ሞልተው ግራ ቀኙን ይዘው፣
ማሞቂያው አጠገብ ካፖርት አውልቀው።
እቤታቸው ጋዙ፣ ዋጋው ሲነድ ውሎ፣
እዚህ ግን በነፃ
የሰው ጉድ ይሞቃል፣ ተማግዶ፣ ተቃጥሎ።
ኦሜር ከነሱ አንዱ፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ቀልጦ የቀረበት፤
አርባ ዓመት ከጋለ ብረት ጋር፣ ዛሬ ኪሱ ውስጥ የለውዝ ቅርፊት።

«ሉዲቪን» አሉ። ተነሣች።
ቀጭን ናት፣ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፤
እኔ ጥፍሯን አይቼ፣ አፏን ሳትከፍት ገና፣ ፈረድኩ በዝምታ።
«ባትሠራማ እዚህ ማን ያመጣት ነበር?» ይላል ከጎኔ አንዱ፤
ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ፤ በየአገሩ አንድ ነው ጉዱ።

የሰረቀችው ስልክ ነው፣ ከመጠጥ ቤት፣ ከአንድ ሰካራም ጎን።
«ስልክ?» አለች አንዷ ከፊቴ፣ «እንዴ! ዳቦ እንኳ ቢሆን!»
«ድሀ ስልክ ምን ያደርግለታል?» ኦሜር ለውዝ ፈለቀቀ፤
«በእኛ ጊዜ ድሀ ድህነቱን ይዞ ቁጭ ይል ነበር» ብሎ ሳቀ።

ሉዲቪን ተናገረች። ድምጿ ቀስ ያለ ነው፣ እንደ ሌሊት ሥራዋ፤
የሆስፒታል ወለል ነው የምትወለውል፣ በጥሪ ነው እንጀራዋ።
«ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ይላካል፣ ‹ማን ይመጣል ዛሬ?›
ቀድማ የመለሰች ሠርታ ትበላለች፤ የዘገየች ጥሬ።
የኔ ስልክ ወድቆ ተሰነጣጠቀ፣ ባትሪው ሞተ፣ ሦስት ሌሊት አለፈኝ፤
በአራተኛው የሰው ስልክ አየሁ፣ ብቻውን ተኝቶ፤ እጄ ነው የከዳኝ።»

ድሮ በእኛ አገር ሌባሻይ ነበረ፤ ልጅ አጠጥተው፣ አስክረው፣
የወደቀበት ደጅ የሌባ ቤት ነው ብለው።
ዛሬ ስልኩ ራሱ ሌባሻይ ሆኖ፣ ከሰማይ ምልክት እየጠጣ፣
ተንገዳገደና በሷ ደጅ ወደቀ፤ ፖሊስ ተከትሎት መጣ።

«ባለፈው ቀጠሮሽ ለምን ቀረሽ?» አሉ ዳኛዋ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።
ችሎቱ ጆሮውን አቆመ፤ ይህቺን ጥያቄ ነው የሚወደው።
«መጥሪያው የተላከው በስልኬ ነው» አለች፤
«ስልኬ ግን፣ የራሴውም፣ የተሰነጠቀው፣ ከሰረቅኩት ጋራ ተይዟል፤
እዚሁ ነው፣ እታች፣ በእናንተ ቁም ሳጥን፣ በላስቲክ ታሽጓል።»

ዝም አለ ቤቱ።
ፍርድ ቤት የገዛ ቁም ሳጥኑን ጠርቶ፣ ቁም ሳጥኑ ቀረ፤
መቅረቱ ግን በሷ ላይ ተጽፎ ነበረ።
«ሰበብ ነው» አለች ያቺው ሴት። ጸሐፊው ብቻ ጥቂት አፈረ።

ያን ጊዜ ስልክ ጮኸ፤ የኦሜር ነው፣ ከካፖርቱ ኪስ፤
ብረት የለመደ ጣቱ ማጥፊያውን አጣው፣ ፖሊስ እስኪደርስ።
«ልጄ ናት» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ፤ «ካላነሣሁ የሞትኩ ይመስላታል።»
ማንም «ቅንጦት ነው» አላለውም። ሽማግሌ ነዋ፤ ይፈቀድለታል።

ቀጠሮው ተሻገረ ለሚመጣው ወር።
መጥሪያው? በስልክ ይላካል።

ለዕረፍት ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ፦ «አንድ ደቂቃ፣ ስልክህን?»
እጄ ከእኔ ቀድሞ ኪሴን ጨበጠ።
እሷም አየችው። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያኔ ተቆረጠ።

ከዚያ ሰጠኋት፤ ፈገግ አልኩ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።
ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ጠራ፣ ጠራ፤
የማያውቁትን ቁጥር ማን ደፍሮ ሊያነሣው።
መለሰችልኝ፣ መስተዋቱን በእጅጌዋ ጠርጋ፣
እንደ ወለል፤ ከዚያም በበረዶው ወደ ድልድዩ ወረደች፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ።

ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሞዝ ወንዝ ዳር ስሄድ፣ ኪሴ ተንቀጠቀጠ።
አነሣሁ። የልጅ ድምፅ፦
«እማ?»

ሃያ ዓመት የሰው ቃል ከቋንቋ ቋንቋ ስመልስ የኖርሁ፣
ለዚች አንዲት ቃል፣ ትርጉም ለማትሻ፣
መልስ አጣሁ።