የጦጣዋ ዋጋ

በጣና ዳር ቤተ ሙከራ ጦጣችን ተቀምጣ፣
ሁለት ቁልፍ አላት፣ ውኃ የሚያመጣ።
የግራው በመብራት ይነግራታል ቀድሞ፤
የቀኙ ያቆያታል፣ አፉን ለጉሞ።
ጠብታው ያው እኩል ነው፤ ግራውን ትጫናለች።
በግራው ብንቀንስባት፣ በጥሟ ትከፍላለች።
ከአንጎሏ ሥር፣ ከጥልቁ፣ ለውኃ የሚዘል ሕዋስ
ለወሬም ዘለለ፣ ከንፈሯ ሳይርስ።

መዝገቤን ዘግቼ ስወጣ፣ ከደንገሉ ዳር፣
አንጓች ታማትራለች ባሏን ከባሕር።
«ዓሣ ከያዝክ» ብላዋለች፣ «ሁለት ጊዜ አብራ፤
ባዶ ከሆንክ ይጨልም፤ ጨለማውን አልፈራ።»
ማወቋ ላይጨምር ለመረቡ አንድ ዓሣ፣
ባትሪ ድንጋይ ገዛች፣ ከሽንኩርት ቀንሳ።

መሸ። በዘጌ በኩል፣ አንዴ ብቻ በራች።
አንጓች ከነጫማዋ ሐይቁ ውስጥ ገባች።
አንዴ ምን ማለት ነው?
እኔም ተከተልኳት።