ጨዋ

በጀልባ ነው መንገዴ፣ ጭቃው ሲከፋብኝ፣
ከደም ግፊት መለኪያ ሌላ ጓዝም የለኝ፤
ክንዳቸው ላይ ጠምጥሜ፣ ነፍቼ፣ አዳምጬ፣
እጽፋለሁ በመዝገብ፣ ደጃፍ ተቀምጬ።

ሞርጂና፣ ስድስት ወሯ። እግሯ እንደ ሊጥ አብጦ፣
ጣቴ ያረፈበት ቀረ፣ እንደ ጉድጓድ ሰምጦ።
መቶ ሰባ በመቶ አስር። ደግሜ ለካኋት።
እንደተማርኩት ሁሉ «ጨው ቀንሺ» አልኳት።

ሳቀች።
ሴቶቹም ሳቁ ካጠገቧ፣ አፋቸውን በሻሽ ይዘው።
«ከየቱ ልቀንስ፣ እህቴ? ንገሪኝ፣ ከየትኛው?
ወጤ ጨው ካየ እኮ ሦስት ዓመት አለፈው።
የቤንጋል ባሕር ግድብ ጥሶ፣ ኩሬያችን ሲገባ ጊዜው
በቁና ስንሸምት የኖርነውን ጨው
በነፃ አምጥቶልን ጓዳችን ዘራው።
ሩዙ ሲፈላ ጨው፣ ፊት ስታጠቢ ጨው፤
ከደሜ ላይ ልቀንስ? እሱን እንዴት ልጭለፈው?»

ሩዝ ያበቅል የነበር ማሳ የሽሪምፕ ኩሬ ሆኗል፣
ባሕሩን የሚያስገባው በር በአንድ ሰው እጅ ይከፈታል።
ወንዶቹ ወደ ዳካ፣ ጡብ ወደሚተኮስበት፣
ሴቶቹ ወደ ወንዙ፣ ወገብ ወደሚጠልቅበት፤
ሰማያዊ መረብ ጎትተው፣ የሽሪምፕ ግልገል ሊለቅሙ፣
ክር የሚያህል፣ ዓይን ብቻ፤ ወንዙ ውስጥ እንደቆሙ
ጨዉ ከወገብ በታች ቀስ እያለ ሲበላቸው፣
በመዝገቤ ዓምድ የለም ለዚህ ለሕመማቸው።
«ማሳከክ» የሚል አለ። እሱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።
እነሱ ስሙን አይጠሩት፣ እኔም ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፦
ጨዋ ሴት ዝም ትላለች። ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ።

ቶሁራ፣ የሞርጂና ልጅ፣ አስራ አራት ዓመቷ፣
በጓሮ ዞራ መጣች፣ ሳታውቅ እናቷ፤
«ያንን ክኒን ስጪኝ» አለች፣ ለባለ ትዳር የሚሰጠውን።
ደንግጬ አየኋት። ቀስ ብላ ነገረችኝ ጉዱን፦
በኩሬ የታጠበ ጨርቅ ጨው ጠጥቶ ሲደርቅ
እንደ ሞረድ ነው አለች፣ ጭኗን ሲልጥ፣ ሲፍቅ።
«ወሩ መጥቶ ከሚያርደኝ ከነጭራሹ ይቅር።»
ከሱቅ ገዝታ ስትውጥ ኖራለች። ስምንት ወር።

የሞርጂና ምጥ ቀድሞ መጣ፣ ከመንቀጥቀጥ ጋራ፣ በሌሊት።
ጀልባው የባሕሩን ሙላት ይጠብቃል። ጠበቅነው።
ልጁ ግን አልጠበቀም።

«ምክንያት» ይላል መዝገቡ፤ ባዶ መስመር አለ።
ባሏ ደጅ ቆሟል፣ «የአላህ ነው፣ የአላህ» እያለ።
እኔ «ጨው» ብዬ ጻፍኩ።
ተቆጣጣሪው ከኩልና መጥቶ በቀይ ሰረዘው፤
«ይህ» አለኝ፣ «ወጥ ውስጥ ነው። በሽታ አይደለም ጨው።»

ሮቶ መጣ በእርዳታ፣ የዝናብ ውሃ የሚያቁር፤
የተጻፈው የባሎች ስም። ሮቶው ቆመ ከሊቀመንበሩ አጥር፣
የቧንቧው ቁልፍ ከኪሱ ስር።
ስብሰባ ሲጠራ ሴቶች ከምንጣፉ ዳር፣
ከኋላ፣ ከበሩ ጋር።
ሞርጂና፣ አርባ ቀኗ ሳይሞላ፣ እንስራዋን ይዛ ተነሳች፤
ብርጭቆ ደረደረች። ከኩሬው ያመጣችውን ቀዳች።
«ጠጡ» አለች።

«ይቺ ሴት» አለ አንድ ሽማግሌ፣ «ጨዋ ነበረች።»

«ነኝ እንጂ፣ አባቴ! ላቤን ላሰው፣ እንባዬን፤
ልጅ ያልጠባውን ጡቴን፤
ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጨዋ፤ ድምፄ አልተሰማም፣ ጨዋ፤
እስካጥንቴ ጨዋ ነኝ። እስቲ የኔን ጨው ቅመሷ!»

ማንም አልጠጣም።
ሊቀመንበሩ አንዱን ብርጭቆ አነሳ፣
ወደ ብርሃን አየው። ጥርት ያለ ውሃ ነው።
መልሶ አስቀመጠው።

ቁልፉ ዛሬም ኪሱ ነው።
እኔ ግን በመዝገቤ ጠርዝ፣ ማስመሪያ ስላልነበረኝ፣
በእጄ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ትንሽ ይጣመማል።
ርዕስ ገና አላወጣሁለትም።
የመጀመሪያው መስመር ላይ ቶሁራ ተጽፋለች።